ወረቀቱ ምን ይላል?

አሥራ ስምንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ተማሪዎቼን ያሰለቸሁበት አንድ አባባል ነበረኝ፤ «ጽሑፉ የሚለውን አንብቡ እንጂ እንዲል የምትፈልጉትን አታንብቡ» የምትል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን እኔው ራሴ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ወረቀት በትክክል አንብቤ፣ በትክክል ገብቶኝ፣ ሆን ብዬ የሐሰት ትርጉም ስለሰጠሁበት ቀን ነው።

ጊዜው 2003 ዓ.ም.፣ ወሩ ግንቦት ነው። ወረቀቷን ያቀበሉኝ የሟች ታላቅ ወንድሜ ባለቤት ናቸው። ልጆቻቸውም እኔም ጎረቤቱም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እኔ ከገጠር ወጥቼ ከተማ ስማር በየወሩ በሶና ቆሎ ቋጥረው የላኩልኝ፣ የመጀመሪያዋን ጫማዬን ዶሮ ሸጠው የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ለማን እንደዋሸሁ ይታወቅልኝ።

እትዬ ወር አበባ ካዩ ዓመታት ካለፉ በኋላ ደም ታያቸው። መጀመሪያ «ልጅነቴ ተመለሰብኝ» ብለው ቀለዱበት። ቀጥሎ ፈሳሽ መጣ፤ ከፈሳሹም ጋር ሽታ። ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ «ኢንፌክሽን ነው» ተብለው ክኒን ተሰጣቸው። ጸበልም ገቡ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ግን ለማንም አልተናገሩም፤ እኛም ነገሮቹን አገጣጥመን የተረዳነው ቆይተን ነው። ከጽዋ ማኅበራቸው ቀሩ። ለቅሶ ሲደርሱ ከድንኳኑ ደጃፍ፣ ነፋስ ከሚነፍስበት በኩል ይቀመጡ ጀመር። በነጠላቸው ጫፍ ጤና አዳም ይቋጥራሉ። አዲስ አበባ ሲመጡም አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር ለመቀመጥ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ተጨቃጭቀው እንደነበር ልጃቸው እየሳቀ ነገረኝ። ለምን እንደተጨቃጨቁ አልገባውም ነበር።

የማኅፀን በር ካንሰር ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው። ሲጀምር አያምም። ዋናው ተንኮሉም ይኸው ነው። ሲያምም፣ ወገብ ሲቆርጥ፣ እግር ሲያብጥ፣ ሽንት ሲከለክል ደግሞ ብዙ መንገድ ሄዷል። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. ለ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ7 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎችና ከ5 ሺህ በላይ ሟቾች እንዳሉ ያሳያል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያይ ሰው ልዩነታቸው ማነሱ ብቻውን ይናገራል። ይህም እያለ በሽታው ቀድሞ ከተደረሰበት ሊድን፣ ጭራሹንም ሳይመጣ ሊቀር ከሚችሉት ካንሰሮች አንዱ ነው። የማኅፀኑን በር አሴቲክ አሲድ ቀብቶ ነጭ የሚሆነውን ቦታ በዓይን መፈለግ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሠለጠነች ነርስ ትበቃለች። የተበላሸው ቦታ ካንሰር ሳይሆን በፊት በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይተኮሳል፤ ሴትየዋም በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች።

ወደ ሐኪም ቤቱ ልመለስ። የትኛው ሐኪም ቤት እንደሆነ አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለም። መመርመሪያ ክፍሉ በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ሌሎች ሦስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ እኔና የወንድሜ ልጅ ከበሩ ውጪ ቆመናል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ድምፁ ይሰማል፤

«ማዘር፣ ስንት ባል አግብተሻል?»

«አንድ። እሱንም ቀብሬዋለሁ።»

«ሌላ ወንድስ?»

እትዬ ምን እንደመለሱ አልሰማሁም። መልስ የሰጡም አይመስለኝም።

ጥያቄው በሕክምና በኩል አግባብ አለው። የበሽታው መነሻ ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው። ይህን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ነገር ግን በዓለም ላይ ካሉ ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በሕይወታቸው አንድ ወቅት ያገኛቸዋል፤ ከአብዛኞቹም በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ከጥቂቶቹ ላይ ሳይጠፋ ይቀርና ካንሰር ለመሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በሌላ አነጋገር በሃምሳ ዓመቷ የምትደማ ሴት የምትከፍለው በሠላሳዎቹ የገባ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ምናልባት ባሏ ያመጣውን። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ለተዳሩ፣ ከአንድ ባል በቀር ለማያውቁ ሴት ይህ ሁሉ ሳይብራራ «ሌላ ወንድስ?» የሚለው ብቻ ሲቀርብ፣ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና ፍርድ ይሆናል።

«አንቺ» የምትለዋስ ነገር? ያ ልጅ እትዬን ሰፈሩ ውስጥ ቢያገኛቸው ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ» ይላቸው ነበር። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ እሳቸው ደግሞ ልብሳቸውን አውልቀው ሲገናኙ «እርስዎ» አብራ ወለቀች። የሰዋስው መምህር ዓመል ሆኖብኝ ይሆናል፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሐኪም ቤት ስገባ ጆሮዬ መጀመሪያ የሚያደምጠው ተውላጠ ስሞችን ነው። ወጣቱን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። ከደጁ የተኮለኮለው ሰው፣ የጓንቱ እጥረት፣ የሌሊት ተረኝነቱ ሰውን ያሳጥረዋል። አጥሮም ግን ትልቅ ሰው ፊት ነው የቆመው።

ከተወሰደው ናሙና ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ «ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ» ይላል። እኔ፣ ልጃቸውና የእትዬ ወንድም ከሐኪም ቤቱ ፊት ለፊት ካለች ካፌ ገብተን ማኪያቶ አዘዝን። ማኪያቷ ሳትቀዘቅዝ ወሰንን። «ልቧ ይሰበራል።» «ምግብ ታቆማለች።» «ለእሷ መንገር መግደል ነው።» ሦስት ወንዶች በአንዲት ሴት ማኅፀን ጉዳይ ሸንጎ ተቀምጠን፣ ባለጉዳዩዋን ሳንጠራ ፈረድን። ወረቀቷንም ልጅየው ከሌሎቹ ካርዶች ጋር ፌስታሉ ውስጥ መልሶ ከተታት።

እትዬ ማታ ቤቴ ፌስታሉን ፈትተው ያችኑ ወረቀት መርጠው አወጡ። እንዴት እንደለይዋት ዛሬም አላውቅም። ልጃቸውን ትተው ለእኔ ዘረጉልኝ።

«አንተ ማንበብ ታውቃለህ። ምን ይላል ወረቀቱ?»

«ኢንፌክሽን ነው ይላል እትዬ። የቆየ ኢንፌክሽን።»

አጣጥፈው መለሱት።

ያኔ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው አገልግሎት ከሁለት አሥርታት በላይ ያለ ሁለተኛ ብቻውን ቆይቷል፤ ጅማን የመሳሰሉት የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። የአገር ሕዝብ በአንድ በር ሲገባ ወረፋው ምን ሊሆን እንደሚችል አስሉት። ለእትዬ ተራቸው በጥቅምት 2004 ደረሰ። ጨረሩን ምን ብለን እንደገለጽንላቸው ልንገራችሁ፤ «ቁስሉን የሚያደርቅ መብራት» አልናቸው። እንዲህ ያለ ዘይቤ ተማሪዬ ጽፎ ቢያመጣልኝ ጥሩ ማርክ እሰጠው ነበር።

መብራቱም አደረቀ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደሙ ቆመ፣ ሽታው ጠፋ፣ ፊታቸው መለስ አለ። ሕክምናው አምስት ሳምንት ያህል፣ ከእሑድና ቅዳሜ በቀር በየቀኑ የሚሰጥ ነው፤ ከዚያም ከውስጥ በኩል የሚሰጠው ይከተላል። እሳቸው ግን አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ኅዳር ነው፣ ጤፍ ደርሷል፤ ኢንፌክሽኑም ድኗል። ምን ብዬ ላስቀራቸው? «ገና አልዳኑም» ብል «ከምን?» ይሉኛል። እውነቱን እንዳልናገር የገዛ ውሸቴ አፌን ያዘኝ። የአውቶቡስ ቲኬቱን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።

በሚያዝያ ሲመለሱ እግራቸው አብጦ፣ ኩላሊታቸው ታፍኖ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «ብትነግራቸውስ ይድኑ ነበር ወይ?» ሊለኝ ይችላል። የመዳን ዕድላቸው ይጠብ እንደነበር ሐኪሞቹ ነግረውኛል፤ ዘግይተው ነው የመጡት። ጥያቄው ግን እሱ አይመስለኝም። የእትዬ በሽታ የማን ነበር?

መደበቁን የምንከላከልበት ትልቁ ጋሻችን ባህል ነው። «እኛ እንደ ፈረንጅ ፊት ለፊት አንናገርም» እንላለን። በመጀመሪያ ፈረንጁም ከጥንት ጀምሮ እንዲህ አልነበረም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶው ካንሰር መሆኑን ለታማሚው አለመናገርን እንደሚመርጡ ተናግረዋል፤ በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው መናገርን መረጡ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድ አገር ተገለበጠ። ቶልስቶይ በ1886 ባሳተመው የኢቫን ኢሊች ሞት ላይ ታማሚውን ከሕመሙ ይልቅ የሚያሠቃየው በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ማስመሰሉ ነው፤ የማያስመስለው ገራሲም የሚባለው ገበሬ አገልጋይ ብቻ ነው። ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አትጠይቁኝ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ባህላችን በእርግጥ ምን ይላል? አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጻፉት ጥናት፣ የዚያ አገር ሐኪም ክፉ ዜናን ለታማሚው በቀጥታ ሲያረዳ ወገኖቻችን እንደ ጭካኔ እንደሚያዩት፣ ወሬው በቅርብ ሰው በኩል በወጉ እንዲደርስ እንደሚፈልጉ አስረድተዋል። ትክክል ናቸው። እኛ የመርዶ ሕዝብ ነን። መርዶ በሌሊት አይነገርም፤ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ማለዳ በር ይንኳኳል፣ ደረት የሚመታውን እጅ የሚይዝ ሰው ከጎን ይቆማል። ይህ ሁሉ ጥበብ ግን የተሠራው ለመንገር ነው። ለመደበቅ ቢሆንማ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? መርዶ ሳምንት ሊዘገይ ይችላል፤ ተድበስብሶ ከቀረ ግን የሚወቀሰው ደባቂው ነው። «ሳልቀብረው፣ ሳላለቅስለት» ብሎ የሚቀየም ሰው በየቤታችን አለ። እኛ ካፌዋ ውስጥ የወሰድነው የመርዶን ግማሽ ነው፤ ማዘግየቱን ወስደን መንገሩን ተውነው።

እውነት ነው፣ መርዶ የሌላ ሰው ሞት ነው። የራስን ሞት ለባለቤቱ የማርዳት ወግ አለን ወይ? ይህ ጥያቄ ብዙ ቀን አስጨንቆኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ኑዛዜ የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። አባቶቻችን ሲሞቱ ይናዘዙ ነበር። ዕዳቸውን ይናገራሉ፣ ከብቱን ያከፋፍላሉ፣ የተጣሉትን ያስጠራሉ፣ የንስሐ አባታቸው ይመጣል። ሙስሊሙም ወሲያ አለው። መሞቱን ያላወቀ ሰው እንዴት ይናዘዛል? እንዲያውም በድንገት መሞትን፣ ሳይናዘዙ መሄድን እንደ ክፉ አሟሟት የሚፈራ ሕዝብ ነው የኛ ሕዝብ። ስለዚህ «ባህላችን ነው» ስንል የምንጠቅሰው የአያቶቻችንን ባህል ሳይሆን የኛኑ፣ የካፌ ትውልዱን ፍርሃት ይመስለኛል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሐኪም ምርመራና ሕክምና አልፈልግም ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እንቢ የማለት መብት ያላት ሴት እንቢ የምትለውን ነገር ስም ማወቅ የለባትም? በተግባር ግን ፊርማው የባል ነው፣ የወንድም ነው፣ ማንበብ የሚችለው የወንድም ነው። ለወንድ ታማሚ ሲሆን «እሱ ራሱ ይወስን» የሚለው ሰው ሲበዛ፣ ለሴት ሲሆን «አትረብሿት» የሚለው ሲበዛ አይቻለሁ።

ሌላው ችግር ስሙ ነው። ስለ ቃላት ካነሳሁ አልቀርም። ነቀርሳ ስንል ካንሰር ማለታችን ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ስንል ግን ቲቢ ማለታችን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል ስንፈራ ኖረናል። ማኅፀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በክብር የሚጠራ ቃል ሆኖ ሳለ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ሲደርስ «የሴት በሽታ»፣ «እዚያ ጋ»፣ «ታች» ይሆናል። ስም የሌለው ነገር አይጠየቅም፣ አይመረመርም። እትዬ ጤና ጣቢያ ሄደው ምን እንዳሉ ጠይቄያቸዋለሁ። «ሆዴን ያመኛል» ነው ያሉት።

አለመንገር ድንበር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1951 በዚሁ በሽታ በ31 ዓመቷ የሞተች ሄንሪየታ ላክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ሐኪሞቿ ከዕጢዋ ናሙና ወሰዱ፤ ሳይጠይቋት። ሴሎቿ ዛሬም በየቤተ ሙከራው ይራባሉ፤ በውስጣቸውም ያው የፓፒሎማ ቫይረስ ዝርያ ተገኝቷል። ቤተሰቧ ነገሩን የሰማው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሳይንሱ ተጠቀመ፤ እሷ ግን አልተጠየቀችም። እኛም ለእትዬ «ጥቅም» ብለን ነበር።

የሚያዝያዋ ሌሊት አለች። ሕመሙ በርትቶ ሞርፊን ተጀምሮላቸው ነበር። የሽታው ነገርም ተመልሷል፤ አንዲት ሲስተር የሜትሮኒዳዞል ክኒን አድቅቃ በጥጥ ስታደርግላቸው ቀለል አለ። ይህቺ ሲስተር «እማማ፣ እርስዎ» ነበር የምትላቸው። ከእሷ ጋር ሲያወሩ አገኘኋቸው። ስትወጣ ወደ እኔ ዞረው፣

«ካንሰር ነው አይደል?» አሉኝ።

ዝም አልኩ።

«ያኔም አውቄዋለሁ። ስታነብ እጅህ ተንቀጠቀጠ። እኔን ያሳዘነኝ መታመሜ አይደለም። ለአንተ እንዳይከብድህ ብዬ አላወቅሁም አልኩ። ብቻዬን ሆንኩ።»

እንግዲህ እሳቸው እኛን ደብቀው፣ እኛ እሳቸውን ደብቀን፣ ስድስት ወር ያህል በአንድ ቤት ቲያትር ስንሠራ ከርመናል። ያወቁትን ካወቁት ታዲያ ጨረሩን ለምን ትተው ሄዱ? ጠይቄያቸው ነበር። «ከሆነ አይቀር ቤቴ ልሁን ብዬ» አሉ። እንደሚረዝምላቸው፣ ሕመሙ እንደሚቀልላቸው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ እንደቀረ ማን ነግሯቸው? ስለ ኢንፌክሽን የሚያወራ ሰው ስለዚህ ማውራት አይችልም። ውሸቱ አላታለላቸውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ምክር የሚጠይቁት ሰው ማሳጣት ነው።

በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ፤ ላሟን ለማን እንደሚሰጡ ተናገሩ፤ ከእህታቸው ጋር ታረቁ። በግንቦት አረፉ። ከተጠየቀ «በምን?» ለሚለው መልሳችን ያው «ኢንፌክሽን» ሆኖ ቀጠለ፤ ውሸት ልማድ ነዋ።

በኅዳር 2017 የእትዬ ሴት ልጅ ከገጠር ደወለችልኝ። አገሩ በሙሉ በክትባት ዘመቻ ላይ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት፣ አሁን ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጆች በአንድ መርፌ ሊዳረስ ታቅዶ። ልጇ ከትምህርት ቤት ወሬውን ይዛ መጥታለች።

«ጋሼ፣ መካን ያደርጋል ይላሉ፤ ላስከትባት ወይስ ይቅር?»

መካን እንደማያደርግ፣ የሚከላከለው ካንሰር እንደሆነ ነገርኳት። ዝም አለችና፣

«የማኅፀን በር ካንሰር የሚባለው ምን ያደርጋል?» አለች።

ደም፣ ፈሳሽ፣ ሽታ እያልኩ ስዘረዝር መስኮት ዳር የተቀመጡት፣ ጤና አዳም የቋጠሩት እናቷ ወደ ዓይኗ እየመጡ እንደሆነ ከትንፋሿ ይሰማኛል።

«እትዬን የገደላት ምን ነበር?»

አሥራ ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ ማለዳ ሳይሆን ቀትር ላይ፣ ያለ ሽማግሌና ያለ ጎረቤት፣ በስልክ ነገርኳት። አለቀሰች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር። ከዘር ሳይሆን ከቫይረስ እንደሚመጣ፣ እሷም ሠላሳን ስላለፈች ሳያማት መመርመር እንዳለባት፣ ጤና ጣቢያ ስትሄድ «ሆዴን» ሳትል «የማኅፀን በር ምርመራ» ብላ መጠየቅ እንዳለባት አስረዳኋት። ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ብዕር ፍለጋ ልጇን ስትጠራ ሰማሁ።

«ቆይ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ፣ ትጻፈው» አለችኝ።